ሊጠየቅ ያልመጣው ቀለበት

እትዬ ዘሀራ መሞታቸውን የነገረኝ ስልኩ ውኃ የገባበት የባጃጅ ሹፌር ነው። መጀመሪያ ስልኩ ይድን እንደሆነ ጠየቀኝ። ይድናል አልሁት። ከዚያ በአገጩ ወደ ጎን ሱቅ አመለከተና፣

«የሴትዮዋን ሰማህ አይደል?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሌሊት አርፈዋል። ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ደግሞ ባትሪውንም አብረህ እይልኝ።»

ባትሪውን አየሁለት። ምንም አልሆነም ነበር። የእትዬ ዘሀራ ሱቅ ተዘግቶ ሰንብቷል፤ ምን ሆነው ነው ብዬ ስደውልላቸው «ጉንፋን ነው፣ ጎረቤት» ብለውኝ ነበር። እሳቸው አንድን ነገር ይህ ነው ካሉ የሚጠራጠር ሰው ስለማላውቅ እኔም ጉንፋን ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ ሲሳሳቱ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

ሱቆቻችን ፋሲሎ ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር መንገድ ትንሽ ገባ ብለው ነው ያሉት። የእኔ ስልክ መጠገኛ ነው። የእሳቸው የብር ጌጥና የድንጋይ መሸጫ ነበር። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ በዚህ ወገን «ይማርዎት» እላለሁ። ስሜን አንድ ቀን ጠርተውት አያውቁም። «ጎረቤት» ነው የሚሉኝ። ከእኔ በፊት በዚያ ክፍል የነበረውን ልብስ ሰፊም «ጎረቤት» ይሉት እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ስሙ የእኔ ሳይሆን የክፍሉ ነው።

ቀጭን፣ አጭር ሴት ነበሩ። ማጉያ መነጽራቸው በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ግራኝ ስለነበሩ መቀስም፣ ሞረድም፣ የሻይ ብርጭቆም ግራ እጃቸው ላይ ነው። ፊታቸው አይለዋወጥም። ከሰሜን ከደቡብ የሚመጡ ድንጋይ ነጋዴዎች ድንጋዩን ትተው የእሳቸውን ፊት ለማንበብ ሲታገሉ አይቻለሁ። አንዱ ተስፋ ቆርጦ «እኒህ ሴትዮ ቁማር ቢጫወቱ ኖሮ ከተማውን ይወስዱት ነበር» ብሎ ወጣ። በኮምፔንሳቶው በኩል ሰማሁ። እሳቸውም ሰምተዋል፤ የሞረዳቸው ድምፅ ግን አልተቋረጠም።

የወረታ ብር አንጥረኛ ልጅ ናቸው። ብሩን ከአባታቸው ተማሩ። ድንጋዩን ማን እንዳስተማራቸው አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ድንጋይ ይዘው የሚመጡ ሰዎች» አሉኝ።

«እነሱ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ለዚያ ነው የሚያመጡት።»

ሰው ቀይም ይሁን አረንጓዴ የሚያበራ ነገር ካገኘ ወደ እሳቸው ይዞ ይመጣል። እሳቸው ዘንድ የማይጣስ አንድ ሥርዓት ነበር። የድንጋዩን ማንነት የሚናገሩት ለባለቤቱ ብቻ፣ በጆሮው፣ በሹክሹክታ ነው። ባልና ሚስት ሆነው ከመጡ በየጆሯቸው ለየብቻ ይነግሯቸዋል። «ድንጋዩ የእሱ ነው፤ ደስታውም ሐፍረቱም የእሱ ነው። መንገደኛ ምን አገባው?» ይሉ ነበር።

ይህ ሥርዓት የተቸገረው አንድ ጊዜ ነው። ከቆላ ድባ አንድ ሽማግሌ ቀይ ድንጋይ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። እትዬ ዘሀራ ድንጋዩን አይተው በቀኝ ጆሯቸው ሹክ አሏቸው።

«እ?» አሉ ሽማግሌው።

በግራ ጆሯቸው ሹክ አሏቸው።

«ከፍ አድርጊው፣ ልጄ። ጆሮዬ ደክሟል።»

እትዬ ዘሀራ እኔንና እዚያ የነበሩትን ሁለት ገበያተኞች እንድንወጣ ጠየቁን። ወጣን። በሩን ዘጉ። መስኮቱንም ዘጉ። ከዚያ «ብርጭቆ ነው፣ አባቴ! ብርጭቆ!» የሚል ድምፅ መጣ። ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞር አሉ። ሽማግሌው በሩን ከፍተው በዝግታ ወጡ፤ ድንጋያቸውን እንደገና ቋጠሩና ለሁላችንም፣ «ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ አደራ ሰጥቻታለሁ» አሉን። እኛም ማንም እንዳልሰማ ሆነን ሸኘናቸው።

ዘንዘልማ ላይ አዲስ ቤት ለመሥራት መሠረት ሲያስቆፍር ያገኘውን ቀይ ነገር በጥጥ ጠቅልሎ ያመጣ ሰውም ነበር። ሰውየው ቤቱን ትቶ መሬቱን ሊቆፍር አስቦ ነበር። በጆሮው የነገሩትን እኔ አልሰማሁም። እሱ ግን ጮክ ብሎ ስለመለሰ ሰማሁት።

«የባጃጅ?»

ሹክሹክታ።

«የኋላ መብራት?»

ሹክሹክታ።

«የግራው መሆኑን በምን አወቁ?»

ያ ሰውዬ ቤቱን ሠርቶ ጨርሷል። ዛሬም ስልኩን እኔ ዘንድ ያሠራል።

ከድንጋይ ሁሉ የሚወዱት ጋርኔትን ነበር። «እወዳለሁ» ብለው አያውቁም፤ ከመሳቢያቸው ሳይሆን ከቀሚሳቸው ኪስ የሚያወጡት እሱን ብቻ ስለነበር ነው እንዲህ የምለው። እኔ ስልክ መጠገን የተማርሁት ስልክ እያበላሸሁ ነው፤ ስለ ድንጋይም ሌሊት በስልኬ ያነበብሁትን ቀን በእሳቸው ላይ እሞክር ነበር። መጀመሪያ ዕለት «ጋርኔት ማለት ቀይ ድንጋይ ነው» አልኋቸው።

«ማን አለህ?»

«አንብቤ።»

«ጋርኔት ቤተሰብ ነው» አሉና ከኪሳቸው የክብሪት ቤት አወጡ። ውስጡ ጥጥ፣ በጥጡ ላይ ትናንሽ ድንጋዮች። በነጭ ሳህን ላይ አንድ በአንድ ደረደሯቸው። የመጀመሪያው ሻይ ከርከዴ ሲበዛበት የሚሆነው ጥቁር ቀይ ነበር፤ ብርሃን ካላገኘ ጥቁር ነው ተብሎ ሊጣል የሚችል። ሁለተኛው የቀይ ሥር ውኃ ነው፤ ቀይ ሆኖ ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። ሦስተኛው የበሰለ ብርቱካን ልጣጭ ነው። አራተኛው አረንጓዴ፣ ዝናብ ያገኘው አዲስ የቡና ቅጠል የሚመስል። አምስተኛው ማር ነው።

«ይኸኛውን በማጉያው እየው» አሉኝ ማሩን።

አየሁት። በውስጡ የሆነ ነገር ይወዛወዛል፤ ትኩስ ሻይ ውስጥ ስኳር ገና ሲሟሟ ታች የሚታየው ዓይነት መስመር።

«ስኳሩ አልሟሟም» አልሁ።

«አይሟሟምም። በዚያ ነው የሚታወቀው።»

«ሰማያዊስ?»

«እኔ አላየሁም። አለ ይላሉ። ይዞ የመጣ ግን የለም።»

ያልተቆረጠውንም አሳዩኝ። ሰው የቀረጸው ይመስላል፤ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ዙሪያውን በሙሉ እንደ ብስኩት ቁራጭ ባለ አራት ጠርዝ ገጽ የተሸፈነ። ገጾቹን ቆጠርሁ፣ አሥራ ሁለት ናቸው። «ማን ቀረጸው?» አልሁ። እሳቸው ወደ ላይ አመለከቱ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ከዚያ ገባኝ።

ቀይ ድንጋይ ሲመጣ አሠራራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ በግራ መዳፋቸው ይመዝኑታል፤ ጋርኔት ከመጠኑ ይልቅ ይከብዳል። ከዚያ ከንፈራቸው ላይ ያስነኩታል፤ ብርጭቆ ቶሎ ይሞቃል፣ ድንጋይ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ከዚያ ወደ በሩ ወጥተው ከሐይቁ በኩል በሚመጣው ብርሃን ያዞሩታል። ሩቢ የሚባለው ውዱ ቀይ ድንጋይ ሲዞር አንዳንዴ ቀዩ ወደ ሌላ ቀይ ይለወጣል፤ ጋርኔት ከየትም ቢታይ ያው አንዱ ቀይ ነው። ቀጥሎ የሐሰት ብር ኖት መፈተሻዋን ባትሪ ያበሩበታል። ሩቢ ብዙ ጊዜ እንደ ፍም ይነሣል። ጋርኔት ግን ዝም ይላል። መጨረሻ ላይ በማጉያው ውስጡን ያያሉ፤ ብርጭቆ ከሆነ ክብ የአየር አረፋ ይገኝበታል፤ ጋርኔት ከሆነ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ የሚሻገሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች ይታያሉ።

ለዚህ ሁሉ እኔ የጨመርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋርኔት በውስጡ ብረት ስላለበት ጠንካራ ማግኔት ይስበዋል ብዬ አነበብሁና ከተቃጠለ ኮምፒውተር ያወጣሁትን ማግኔት ወሰድሁላቸው። ማግኔቱን ድንጋዩ ላይ አስጠጉት። ድንጋዩ አልተነሣም። መልሰው ሰጡኝ።

«በውኃ ላይ ነው» አልኋቸው። «ተንሳፍፎ ከሆነ ስበቱ ይታያል።»

የቴሌቪዥን ማሸጊያ የሆነውን ነጭ ፎም በመቀስ ቆረጡ። ቆረጡ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ጫፎች አሹለው ልክ ሐይቁ ላይ እንደምናየው ታንኳ አደረጉት። በሳህን ውኃ ሞልተው ታንኳውን አስቀመጡ፤ ቀዩን ድንጋይ ጫኑበት። ማግኔቱን አስጠጉ። ታንኳው ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ መጣ። እትዬ ዘሀራ ማግኔቱን ወደ ኋላ ሳቡት፤ ታንኳው ተከተለ። ሳህኑን ሙሉ አዞሩት።

«መጣች» አሉ።

ስለ እኔ ሥራ የሰጡት አስተያየት ይኼ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ማግኔቱ ከማጉያው ጋር አንገታቸው ላይ ተንጠለጠለ፤ መርፌና ቁልፍ እየለጠፈ ያስቸግራቸው ነበር።

አንድ ነገር ይጠሉ ነበር፤ ጀርባው በብር የተዘጋ ቀለበት። አንጥረኞች በጨለማ ድንጋይ ሥር ብርማ ወረቀት ያስገቡና ጀርባውን ይዘጉታል፤ ያኔ ጨለማው ድንጋይ ከውስጥ እንደበራ ፋኖስ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀለበት ሲመጣ ባለቤቱን አስፈቅደው ጀርባውን ይከፍቱታል። ሲዘጉት ግን መልሰው አይበይዱትም፤ እንደ ትንሽ ባለ ማጠፊያ በር አድርገው ይገጥሙታል፤ በበሩም ጠርዝ ላይ መርፌ የምታስገባ ጭረት ይተዋሉ። ነገ ሌላ ሰው ቢጠራጠር ብሩን እንዳይሰብር ነው ይላሉ። በግራ እጃቸው ስለሚሠሩ ጭረቷ ሁልጊዜ ከማጠፊያው በግራ በኩል ነች። ሌላ አንጥረኛ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም።

ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት ለእጮኛው የገዛውን ባለ ቀይ ድንጋይ ቀለበት ይዞ መጥቶ ነበር። ሹክ አሉት። ፊቱ ተለወጠ።

«ሩቢ ነው ብዬ ነው የሰጠኋት፣ እትዬ።»

«እሷ ጠየቀች?»

«አልጠየቀችም። ትወደዋለች።»

«ታዲያ ለምን አመጣኸው?»

«እኔ ማወቅ ፈልጌ።»

«አሁን አወቅህ» አሉት። «ያዘው እንግዲህ።»

ልጁ ሄደ። እኔ በዚያን ጊዜ የጨከኑበት መስሎኝ ነበር።

አሁን ስለ ባለቤታቸው ስለ ሐጅ ሙሐባው መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም የእትዬ ዘሀራ ቀለበት ከእሳቸው ጋር ነው የመጣው። ሐጅ ሙሐባው የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ ሽምብራና ጤፍ ከቆላ ድባ ያመጣሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውም ትልቅ ነው፤ እሳቸው ሲመጡ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ብሎኖች ይንቀጠቀጣሉ። ኮት ኪሳቸው ውስጥ ብርማ ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ማስቲካ አይጠፋም፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ሕፃን ሁሉ ያድላሉ። ሕፃን ካላገኙ ለእኔ ይሰጡኛል።

የሐጅ ጉዟቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ለባለቤታቸው ጀርባው የተዘጋ የብር ቀለበት አመጡላቸው፤ ቀይ ድንጋይ ያለበት። ሩቢን እነሱ ቤት ያቁት ነው የሚሉት። ሐጅ ሱቅ በመጡ ቁጥር ገበያተኛ ካለ፣

«ዘሀራ፣ እስቲ ያችን ያቁት አሳዪያቸው!» ይላሉ። «መካ ነው የገዛኋት። ሻጩ ወላሂ ብሎ ነው የሸጠልኝ።»

እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ገበያተኛው ያደንቃል። እሳቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ። የከተማውን ቀይ ነገር ሁሉ በከንፈራቸው የሚፈትኑት ሴት የራሳቸውን ጣት ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ሐጅ ከወጡ በኋላ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ የእርስዎስ?»

«የእኔ ምን?»

«ቀለበትዎ። ያቁት ነው?»

ጣታቸውን አዩት፤ እዚያ ላይ ቀለበት መኖሩን ያን ጊዜ የሰሙ ይመስሉ ነበር።

«ሊጠየቅ አልመጣም» አሉኝ።

በየዓመቱ ዒድ ሲቃረብ ሐጅ የሚሉት አንድ ሌላ ነገር ነበር። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያኔ ቀለበቱ በእርግጥ ይበራል፤ እኔም አይቼዋለሁ። ሐጅ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው ለሰው ሁሉ ያሳያሉ።

«አያችሁ? እውነተኛ ያቁት ዒድ መድረሱን ታውቃለች! ከርማ ከርማ ይኸው በራች!»

«ሐጅ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ» ይላሉ እትዬ ዘሀራ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ዘሀራ መጋረጃቸውን ጋርደው ብቻቸውን የሚሠሩት ሥራ ነበራቸው። በኮምፔንሳቶው በኩል መርፌ ብር ስትጭር ይሰማኛል። ለበዓል ጌጥ የሚያጸዱ ይመስለኝ ነበር።

ሐጅ ሙሐባው ከእሳቸው በፊት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ቀለበቱ እየጠቆረ ሄደ። ዒድ መጣ፤ አልበራም። ሌላውም ዒድ መጣ፤ አልበራም። ሴቶቹ «ድንጋይ እንኳ ያዝናል» ይሉ ነበር። እትዬ ዘሀራ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱዕ ሲያደርጉ ውኃው በጣታቸው ላይ ይወርዳል፤ ጥቁሩን ቀለበት በፎጣ ያደርቁታል፤ ይቀመጣሉ።

ከቀብሩ ጥቂት ቀናት በኋላ ልጃቸው ሐያት ወደ ሱቄ መጣች። ሐያት ጎንደር ባንክ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከዚያ በፊት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። ብቸኛ ልጃቸው ናት። በር ላይ ቆማ፣

«ጎረቤት አንተ ነህ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

ቀለበቱን ከመሐረብ ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። በእጅ ላይ ካየሁት ይልቅ ጠቁሯል።

«አክስቴን ከድጃን ታውቃቸዋለህ?»

አውቃቸዋለሁ። እትዬ ከድጃ ወረታ በርበሬና ቅመም ይነግዳሉ፤ የእትዬ ዘሀራ ታናሽ እህት ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት የሚኮሩበትን ቢጫ አምባር ለእህታቸው አሳይተው ነበር። የተነገራቸው በሹክሹክታ ስለሆነ ማንም አልሰማም፤ ግን እትዬ ከድጃ ራሳቸው ተናደው «ፕላስቲክ ነው አለችኝ እኮ!» እያሉ ለዘመድ ሁሉ ነገሩ። አምባሩን አላወለቁም። ከዚያ ወዲህ ግን ዓይናቸውን የእህታቸው ቀለበት ላይ ጥለዋል።

«ትናንት ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ ባለበት» አለች ሐያት፣ «‹የሰውን ብርጭቆ ሁሉ ስታወጣ ኖራ የራሷን ብርጭቆ አስራ ሞተች። ሐጅ አታለላት› አሉ። አባቴን ማለታቸው ነው።»

«እናትሽ ምንም ብለውሽ አያውቁም?»

«ስጠይቃት፣ አባትሽን ጠይቂው ትለኝ ነበር። አባቴ ያቁት ነው ይለኝ ነበር።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ሩቢ ሆነ አልሆነ ግድ የለኝም። አልሸጠው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እናቴ ሰው ሁሉ የሚያምናት ሴት፣ በገዛ ጣቷ ላይ ተታላ ነው ወይ የሞተችው?»

ይህን የሚመልስ መሣሪያ የለኝም አልኋት። ያለኝ ስልክ የማይበት ማይክሮስኮፕ ነው። በእሱው እየው አለችኝ።

በፊት ለፊት በኩል ምንም አይታይም፤ ጨለማ ነው። ገለበጥሁት። የጀርባው ብር ለስላሳ ነው፤ ግን በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን መስመር አለ፤ በመስመሩ ላይ፣ ከማጠፊያው በግራ በኩል፣ መርፌ የምታስገባ ጭረት።

እንደገና አየሁት። ወደ ጎን አዙሬም አየሁት። ከየትም ባየው ከማጠፊያው በግራ ነው።

«ምንድን ነው?» አለች ሐያት።

«በር ነው» አልኋት። «ልክፈተው?»

«ክፈተው።»

መርፌዋን አስገባሁ። በሩ ያለ ትግል ተነሣ፤ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የተዘጋ በር እንዲያ ነው የሚነሣው። በድንጋዩ ቅርጽ የተቆረጠ ትንሽ ወረቀት መዳፌ ላይ ወደቀ፤ ድንጋዩም ተከተለው። ወረቀቱ ውኃ ገብቶበት ጠቁሯል። በመቆንጠጫ ገልብጬ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግሁት። በአንዱ ወገን ብርማ የነበረ ነው። በሌላው ወገን ግማሽ አረንጓዴ ቅጠል አለ።

ለሐያት ማይክሮስኮፑን አስጠጋሁላት። ረዥም ጊዜ አየች።

«የአባቴ ማስቲካ ነው» አለች።

ድንጋዩን መጀመሪያ በመዳፌ መዘንሁት። ከንፈሬ ላይ አደረግሁት። በሩ ላይ ወጥቼ አዞርሁት፤ አሁን ወረቀቱ ሲነሣለት የቀይ ሥር ውኃ ነው፣ ከየትም በኩል ያው ነው። የራሴን የብር ኖት መፈተሻ ባትሪ አበራሁበት፤ ዝም አለ። በማይክሮስኮፑ ውስጡን አየሁ፤ አረፋ የለም፤ ቀጫጭን መርፌዎች ተሻግረዋል። የእናቷ ቁልፍ ሐያት ዘንድ ስለነበር የጎኑን ሱቅ ከፍተን ሳህኑን፣ ታንኳውንና ማግኔቱን አመጣን። ውኃ ሞላሁ። ድንጋዩን ጫንሁ። ማግኔቱን አስጠጋሁ።

ታንኳው ቆመ። ከዚያ መጣ።

ሱቁ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ተጠግቼ በጆሮዋ ነገርኋት። ጋርኔት ነው አልኋት። ብርጭቆ አይደለም፣ ያቁትም አይደለም፤ እውነተኛ፣ ጥሩ ጋርኔት ነው። በሩን የሠሩት እናትሽ ናቸው፤ ይህን ጭረት በግራ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላውቅም። ዒድ በደረሰ ቁጥር ወረቀቱን የሚቀይሩትም እሳቸው ነበሩ። ድንጋዩን መጀመሪያ ዕለት ነው ያወቁት አልኋት፤ የመጀመሪያውን ዕለት እንኳ አላረጋገጥሁም፤ ግን እትዬ ዘሀራ ጀርባው የተዘጋ ቀለበት አንድ ሌሊት አያሳድሩም።

ሐያት ድንጋዩን ከታንኳው ላይ አነሣች።

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«አባትሽ?»

«እ።»

«አባትሽ ዒድን የሚያውቅ ያቁት አለኝ ብለው ነው የኖሩት» አልኋት።

ሳቀች። ከዚያ ፊቷን በመሐረቡ ሸፈነች፤ እኔም ስልክ መጠገን እንዳለብኝ አስታውሼ ብሎኖች ደረደርሁ። ሲያበቃላት፣

«ማስቲካ ከየት ይገኛል?» አለችኝ።

ከማዕዘኑ ኪዮስክ ገዛሁ። ባለ አረንጓዴ ቅጠሉን ማለቴ ነው። ማስቲካውን መጣል ስለማይሆን ሁለታችንም አላመጥን። ወረቀቱን በድንጋዩ ልክ ቆረጥሁ፤ መጀመሪያው ጠበበ፣ ሁለተኛው ልክ ሆነ። ብርማውን ወገን ወደ ድንጋዩ፣ ቅጠሉን ወደ በሩ አድርጌ አስገባሁ። ዘጋሁት። ስገለብጠው የእኔን መብራት ሁሉ ይዞ ተነሣ። ሐያት ጣቷ ላይ አደረገችው። እጇን ዘርግታ አላየችውም፤ ሰበሰበችው።

ለእናቷ ሰደቃ ጠርታኝ ስለነበር እኔም ሄድሁ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ሐያት ሻይ ትቀዳለች። እትዬ ከድጃ ጋ ስትደርስ እጇን ያዟት፤ ብርጭቆውን ትተው ጣቷን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ይኼ ነገር በራ እኮ!» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ዒድ እኮ ገና ነው። ምን አደረግሽው? ያንን የስልክ ልጅ አሳየሽው አሉ። በይ ንገሪን፣ ያቁት ነው ብርጭቆ?»

እዚያ የተቀመጡት ሴቶች ሐያትን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። እኔ ሳምቡሳዬን አየሁ።

ሐያት ማንቆርቆሪያውን አቅንታ የአክስቷን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

«ሊጠየቅ አልመጣም፣ አክስቴ» አለቻቸው።

ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። እትዬ ከድጃ ሻዩን አነሡ፤ ሊጠጡ ሲሉ ቢጫው አምባር ብቅ አለ። ብርጭቆውን መልሰው አስቀመጡና የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ አንጓቸው ድረስ ሳቡት።